አምስቱ የቤተ ሙከራ ቀናት

ሌስሊ ብራውን በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ከባሏ ከጆን ጋር ትኖር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሞክረው ልጅ አልሆነላቸውም። ምክንያቱ ታውቋል፤ ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተዋል። እንቁላል በየወሩ ይወጣል፤ ማህፀኗም ልጅ ለመያዝ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን እንቁላሉና የባሏ ዘር የሚገናኙበት ቦታ የለም። ጽንስ የሚጀመረው ማህፀን ውስጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የወንዱ ዘር እንቁላሉን የሚያገኘው ግን ቱቦው ውስጥ ነው፤ ጽንሱ ወደ ማህፀን የሚወርደው ከቀናት ጉዞ በኋላ ነው። ቱቦው ከተዘጋ ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆን ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1977 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማንቸስተር አቅራቢያ በምትገኘው ኦልድሃም ሦስት ሰዎች መላ አገኙ። የማህፀን ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ በሆዷ ባስገቡት ቀጭን መመልከቻ እያዩ ከሌስሊ አንዲት እንቁላል ቀዱ። የካምብሪጁ ሳይንቲስት ሮበርት ኤድዋርድስ እንቁላሏን በሳህን ላይ ከጆን ዘር ጋር አገናኙ። ነርስነት የተማሩት ጂን ፐርዲ ደግሞ አንዱ ህዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆን በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። ሽሉ ስምንት ህዋስ ሲሞላ ወደ ማህፀኗ ተመለሰ። ሉዊዝ ብራውን ጁላይ 25 ቀን 1978 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በቀዶ ሕክምና ተወለደች፤ ክብደቷ 2.6 ኪሎ ነበር። የዓለም ጋዜጦች «የሙከራ ቱቦ ሕፃን» እያሉ ጻፉላት። ከእናቷ አካል ውጭ የቆየችው ግን ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም።

የሌስሊ ቱቦዎች ከዚያም በኋላ እንደተዘጉ ቀሩ። ሁለተኛዋ ልጇ ናታሊ የተወለደችውም አይ.ቪ.ኤፍ በሚባለው በዚሁ ሕክምና ነው። አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን ቢይዝልኝ እወዳለሁ፤ አይ.ቪ.ኤፍ የተበላሸውን አያድንም። መንገድ ሲቆፈር መኪና በሌላ ሰፈር ዞሮ እንደሚያልፈው፣ የተዘጋውን ቦታ ተወት አድርጎ በሌላ በኩል ያሳልፋል። ስለዚህ ሕክምናው ለአንድ ባልና ሚስት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ለማለት መጀመሪያ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ፣ ቀጥሎም ያ ቦታ ሊታለፍ የሚችል መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ልጅ የመጣችው በቀላሉ አይደለም። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ከእነስቴፕቶ ጋር ወደ ሙከራው የገቡት ሴቶች 282 ነበሩ። ከነዚህ ሁሉ ልጅ ያቀፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሌስሊ፣ ሌላዋ በጃንዋሪ 1979 ወንድ ልጅ የወለደች ሴት። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1971 የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄያቸውን ውድቅ አድርጎባቸዋል። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ስቴፕቶም ፐርዲም በሕይወት አልነበሩም፤ ፐርዲ በ1985 ያረፉት ገና በ39 ዓመታቸው ነው። ኤድዋርድስ ኦልድሃም ላይ በሚሰቀለው የመታሰቢያ ጽሑፍ የፐርዲ ስም እንዲገባ በደብዳቤ ቢወተውቱም ስማቸው ሳይካተት ጽሑፉ ተሰቀለ። ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን 280 ሴቶችማ ማን ያነሳቸዋል?

ወደ ዛሬው ሕክምና ከመግባታችን በፊት ማን እንደሚያስፈልገው እንይ። ባልና ሚስት ያለ ምንም መከላከያ በመደበኛነት እየተገናኙ 12 ወር እርግዝና ካልመጣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ግን ስድስት ወር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከአዋቂዎች 17.5 በመቶው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ፣ በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር ይገጥመዋል። ነገሩ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ብርቅ የሚያስመስለው ዝምታው ነው። በሠርጋቸው ቀን «ውለዱ፣ ክበዱ» ተብለው የተመረቁ ሙሽሮች ዓመት ሳይሞላቸው ዘመድ የሚስትየዋን ሆድ ሆዷን ማየት ይጀምራል። የባልየውን ሆድ የሚያይ ግን የለም።

ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከወንዱ በኩል የሚመጣ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ልጅ ከቸገራቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ ይገኛል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም የሚቀልና የሚረክስ ምርመራ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ፣ ናሙና መስጠት፣ ከዚያ ውጤት መጠበቅ፣ በቃ። በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ዝቅተኛው መለኪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው። አልጋ ላይ ብርቱ መሆን ስለዚህ ቁጥር የሚናገረው ነገር የለም። ጡንቻ ለማፈርጠም ሲባል የሚወጋ ቴስቶስትሮን ደግሞ፣ የወንድነት ሆርሞን ሆኖ ሳለ፣ የዘር ምርትን ያቆማል። አንድ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድ ዛሬ የተተወ ልማድ ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ሚስት ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም ስትዞር ቆይታ ባል በመጨረሻ ሲመረመር «ዘር የለም» የሚል ወረቀት ሲመጣ ማየት የሚያስቆጭ ነገር ነው።

በሴቷ በኩል ሐኪሙ የሚፈልገው እንቁላል በየወሩ መውጣቱን፣ የቀረውን የእንቁላል መጠን፣ የማህፀኑን ቅርጽና የቱቦዎቹን ሁኔታ ነው። ቱቦ የሚታየው በማህፀን በኩል ቀለም ተረጭቶ ራጅ ሲነሳ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የተዘጋ ቱቦ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የገባ ኢንፌክሽን ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም ወደ ቱቦ ይደርሳል። ጫፉ ተዘግቶ ውኃ የቋጠረ ቱቦ ካለ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ሽሉ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ የአይ.ቪ.ኤፍን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ ያን ቱቦ ማውጣት ወይም ማሰር ይመርጣሉ። «ቱቦውን ካለፍነው ምን አገባን» የሚባልለት አይደለም።

ልጅ የዘገየበት ሁሉ አይ.ቪ.ኤፍ አያስፈልገውም። እንቁላል በየወሩ የማይወጣላት ሴት በሚዋጥ ክኒን ልታረግዝ ትችላለች፤ የታይሮይድ መዛባት በመድኃኒት ይስተካከላል፤ ዘሩ ትንሽ ደከም ያለ ወንድ ደግሞ ታጥቦ የተመረጠ ዘሩን ቀጥታ ወደ ማህፀን በማስገባት ሊረዳ ይችላል። ሐኪም ቤት በገባችሁበት በመጀመሪያው ቀን፣ ባልየው ሳይመረመር፣ የአይ.ቪ.ኤፍ ዋጋ ዝርዝር የሚያቀርብላችሁ ካለ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ሕክምናው አስፈላጊ ነው ከተባለ ሥራው የሚጀመረው በመርፌ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ፍሬዎች ይዛ ትወለዳለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ወይም 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ። በየወሩ ብዙዎቹ ለማደግ ይነሳሉ፤ አንዱ ያሸንፍና ይወጣል፤ የቀሩት ይጠፋሉ። መርፌው የሚያደርገው እነዚያን የሚጠፉትን አብሮ ማሳደግ ነው። ስለዚህ «እንቁላሌን ጨርሶ ያስረጀኛል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ያ ወር ያለ መርፌም ያስወግዳቸው ነበር። ሴቲቱ ወይም ባሏ ሆዷ ላይ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ለ10 ቀን ገደማ ይወጋሉ። መርፌዋ አጭርና ቀጭን ናት፤ ከሕመሟ ይልቅ ሰዓቷ ነው የሚያስጨንቀው። በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ ይታያል። እንቁላሎቹ ያሉባቸው ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች በቀን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር እያደጉ 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ የመጨረሻው ማብሰያ መርፌ ይሰጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ 36 ሰዓት ሊሞላ ሲል እንቁላሎቹ መቀዳት አለባቸው፤ ካለፈ ራሳቸው ይወጡና ይጠፋሉ። መርፌውን ሌሊት በስድስት ሰዓት ውጉ ከተባለ ስድስት ሰዓት ነው፤ እንግዳ መጥቶብን ነበር አይባልም።

የመቅዳቱ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ሴቲቱ በሰመመን ትተኛለች፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በብልት በኩል ረጅም ቀጭን መርፌ አስገብቶ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ይመጥጣል። ፈሳሹ እንደሞቀ በትንሽ ብልቃጥ ተይዞ በመስኮት ወደ ቤተ ሙከራው ያልፋል። ባለሙያው ፈሳሹን ሳህን ላይ ገልብጦ በማይክሮስኮፕ እያየ እንቁላል ሲያገኝ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሐኪሙ ቀጣዩን ከረጢት እየመጠጠ ይሰማዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የቤተ ሙከራው ነው። ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ ሽቶ ተቀብቶ መግባት አይፈቀድም፤ በአየር ላይ ያለ ኬሚካል ሽሉን ይጎዳልና። ሳህኖቹ የሚቀመጡበት ኢንኩቤተር 37 ዲግሪ ሙቀት ይይዛል፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በውጭ ከምንተነፍሰው አየር በጣም ያንሳል፤ በቱቦ ውስጥም እንዲሁ ነውና። ዘሩ ደህና ከሆነ በእያንዳንዱ እንቁላል ዙሪያ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ዘሮች ተለቀው ፉክክሩ ለእነሱ ይተዋል። ዘሩ ጥቂት ወይም ደካማ ከሆነ ግን ባለሙያው አንድ ዘር መርጦ፣ ጭራውን ገጭቶ አስቁሞ፣ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ያስገባዋል። ኢክሲ የሚባለው ይህ ዘዴ የመጣው በ1992 ከብራስልስ ነው። ከዚያ በፊት ከባድ የዘር ችግር ላለበት ወንድ የሚባለው ነገር ቢኖር የሌላ ሰው ዘር ውሰድ ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ዘር የማይታይበት ወንድ እንኳ መውጫው ተዘግቶ ከሆነ በቀጥታ ከፍሬው ተቀድቶ ሊሠራለት ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዘሩና እንቁላሉ ከተገናኙ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ባለሙያው ሳህኑን አውጥቶ ያያል። የሚፈልገው በእንቁላሉ መካከል ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ክብ ነገሮችን ነው፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። ሁለቱ ከታዩ ጽንስ ተጀምሯል። አንድ ብቻ ወይም ሦስት ከታየ ያ እንቁላል ከቁጥር ይወጣል። ይህ የሚታየው ለጥቂት ሰዓታት ስለሆነ አርፍዶ የመጣ ባለሙያ ያመልጠዋል። ባልና ሚስቱ ስልክ ተደውሎ የሚነገራቸው ቁጥር የዚህ ጠዋት ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ከዚያ በኋላም መውረዱ አይቀርም። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በጣም ይደነግጣል። 12 እንቁላል ተቀዳ እንበል። የበሰሉት 10 ቢሆኑ ሰባቱ ቢጸነሱ ጥሩ ነው። በሦስተኛው ቀን ስምንት ህዋስ አካባቢ ይደርሳሉ፤ እስከዚህ ድረስ ሽሉ የሚንቀሳቀሰው እናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው። ከዚያ የራሱ ዘረ መል ሥራ ይጀምራል፤ ብዙዎች የሚቆሙትም እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛው ቀን ከመቶ በላይ ህዋስ ያለውና መሐሉ ውኃ የያዘ ኳስ መሰል ሽል ይሆናል፤ ብላስቶሲስት ይሉታል። ከሰባቱ ሦስት ከደረሱ ሐኪሙ ደስ ብሎት ይደውላል። የተቀሩት የጠፉት ማንም ስላጠፋ አይደለም። በተፈጥሮም ከሚጸነሰው ብዙው ወር አበባ ሳይዘገይ እንኳ ይቀራል፤ ልዩነቱ እዚያ የሚቆጥር ሰው አለመኖሩ ነው።

ሽሉን ወደ ማህፀን መመለስ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ማደንዘዣ የለም። ለአልትራሳውንዱ እንዲመች ፊኛ በሽንት መሙላት አለበት፤ ብዙ ሴቶች ከዚያ ቀን የሚያስታውሱት ይህንኑ ጭንቀት ነው። የሴቲቱ ስምና የመለያ ቁጥሯ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ እሷም ትደግመዋለች፣ ሁለተኛ ባለሙያ ከሳህኑ ጋር ያመሳክራል። ከዚያ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ገብቶ ሽሉ ይለቀቃል። ስክሪኑ ላይ ብልጭ የምትለዋን ነጭ ነጥብ ባልና ሚስቱ «ልጃችን» ብለው ያዩአታል፤ አብራው የገባች የአየር አረፋ ናት፤ ሽሉ በአልትራሳውንድ የማይታይ ደቃቃ ነው። እንዲህ ብሎ የሚነግራቸው ሐኪም ግን አላውቅም፤ ባይነግራቸውም አልፈርድበትም። ከዚያ በኋላ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ዕድሉን አይጨምርም። ተነስቶ መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሥራ መግባት ይቻላል፤ ሽሉ አይወድቅም።

እስካሁን ሕክምናው ምን ምን እንዳለፈ እንቁጠር፤ የተዘጋ ቱቦ፣ መዋኘት ያቃተው ዘር፣ መውጫ ያጣ ዘር። አንድ የማያልፈው ነገር አለ፤ የእንቁላሉን ዕድሜ። እንቁላል ከሴቲቱ ጋር አብሮ ያረጃል፤ ሲያረጅ ክሮሞዞም የሚከፋፈልበት ሥርዓት ይዛባል፤ የተዛባ ሽል ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ አይጣበቅም ወይ ይወርዳል። በእንግሊዝ የሕክምናው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሚያወጣቸው አኃዞች እንደሚታየው ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት አንድ ሽል ሲገባ በሕይወት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ሲሶ ገደማ ነው፤ በ40 እና በ42 መካከል ከአሥር አንድ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ በራሷ እንቁላል ከሆነ ከዚህም ይወርዳል። ከላይ ሲታይ ወጣት የምትመስል፣ ስፖርት የምትሠራ፣ ታማ የማታውቅ ሴትም ከዚህ አታመልጥም።

እኛ ዘንድ ጊዜ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። ፀበል መጠመቅም ሆነ ለቁልቢ ገብርኤል መሳል ሐኪም ዘንድ ከመሄድ የሚከለክል ነገር የለውም፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስኬዳል። የሚጎዳው አንዱን ለመጀመር ሌላው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። በ32 ዓመቷ ብትመጣ ቀላል የነበረ ነገር በ41 ዓመቷ ስትመጣ ይከብዳል።

አደጋውን ሳያነሱ ማለፍ አይገባም። መርፌው ከመጠን በላይ ከሠራ የእንቁላል ማምረቻዎቹ ያብጡና ከደም ሥር የሚሾልክ ውኃ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀላሉ ዓይነት በራሱ ይሄዳል፤ ከባዱ ከመቶ አንዷን ያህል ይገጥማል። ሆድ በፍጥነት መነፋት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሽንት መቀነስ ከታየ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ዛሬ ሐኪሞች አደጋው ሲያሰጋቸው ሽሎቹን ሁሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ አቀዝቅዘው አስቀምጠው ሰውነቷ ሲረጋጋ ይመልሷቸዋል፤ ከቀዘቀዘ ሽል የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በ1984 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ሌላው አደጋ መንታ ነው። «አንድ ጊዜ በከፈልነው ሁለት ይምጡልን» የሚሉ ጥንዶች ብዙ ናቸው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን መንታ ያለ ጊዜው የመወለድ፣ እናቲቱም የደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ ጥሩ ሽል ካለ አንዱን አስገብቶ ሌላውን አቀዝቅዞ ማቆየት ይሻላል።

ለአገራችን ሰው ትልቁ ችግር ለረጅም ጊዜ ርቀቱ ነበር። አቅም ያለው ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድ ይሄድ፣ የሌለው ይቀር ነበር። በ2019 አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ በመንግሥት ሆስፒታል ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው፤ እዚያ መንግሥት እስከ 45 ዓመት ድረስ፣ እስከ ሁለት ልጅ፣ ወጪውን ይሸፍናል።

የትም ይሁን የት፣ የግል ክሊኒክ ስትመርጡ «ውጤታችን 60 በመቶ ነው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የምን 60 በመቶ እንደሆነ ጠይቁ። ደም ምርመራው «አለ» ማለቱ፣ የልብ ትርታ መታየቱና ልጅ ታቅፎ ቤት መግባት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበልጣል። በየትኛው ዕድሜ፣ ከተጀመረው ዙር ሁሉ ወይስ ሽል ከገባላቸው ብቻ እንደሆነም ጠይቁ። «ይህን ጨምሩበት፣ ዕድላችሁን ከፍ ያደርጋል» ተብሎ ለሚቀርብ ተጨማሪ አገልግሎት ደግሞ ማስረጃው ምን እንደሆነ ሳይነገራችሁ ኪሳችሁን አትክፈቱ።

ሽሉ ከገባ በኋላ ያሉት አሥር ቀናት ያህል የጥበቃ ናቸው። ቤት ውስጥ በሽንት መመርመር ያታልላል፤ የመጨረሻው ማብሰያ መርፌ የእርግዝና ሆርሞኑ ራሱ ከሆነ ከሰውነት እስኪጠፋ ድረስ የሌለውን እርግዝና አለ ያሰኛል። የሚታመነው ሐኪሙ በሰጠው ቀን የሚደረገው የደም ምርመራ ነው፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ተደግሞ ቁጥሩ እጥፍ ወደ መሆን ሲጠጋ ጥሩ ምልክት ነው። በሰባተኛው ሳምንት ግድም የልብ ትርታ በአልትራሳውንድ ከታየ ከዚያ ወዲያ እርግዝናው እንደማንኛውም እርግዝና ወደ ነፍሰ ጡሮች ክትትል ይሄዳል። እዚያ ነርሷ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብላ ስትጠይቅ በእሱ ፈንታ የሚነገራት ሽሉ የገባበት ቀን ነው፤ የአምስት ቀን ሽል ከሆነ በዚያ ላይ 261 ቀን ተደምሮ የመውለጃው ቀን ካርዱ ላይ ይጻፋል።